ረቡዕ ሥራ የለም፣ እሁድ ዕረፍት የለም

ይድረስ ለእትዬ፣

ጤና ይስጥልኝ። እስከ ዛሬ ለሌላ ሰው የሚሰጡትን ምክር እያነበብኩ አንዳንዴ እስቅ፣ አንዳንዴም እቆዝም ነበር። ዛሬ ተራው የእኔ ሆነ።

የምኖረው ጅማ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ የመኪና መገጣጠሚያ ውስጥ አራት ዓመት ሠርቻለሁ፤ ካለፈው ዓመት ወዲህ የአሥራ አራት ሰው መስመር ኃላፊ ነኝ። ኃላፊ ስልዎት ቢሮ ያለኝ እንዳይመስልዎት፤ እኔም ቱታ ለብሼ ብሎን ነው የማጠብቀው። ልዩነቱ ስም የምጠራው እኔ መሆኔ ብቻ ነው።

የምንገጣጥመው ትንንሽ የጭነት መኪና ነው። ዕቃው ተበታትኖ በኮንቴይነር ጅቡቲ ይገባል፣ ከዚያ ሞጆ ደረቅ ወደብ፣ ከዚያ በወልቂጤ አድርጎ ጊቤን ተሻግሮ እኛ ዘንድ ይደርሳል። ችግሩ አንድ ላይ መጥቶ አያውቅም። ካቢኑ ሲመጣ የመብራቱ ሽቦ ይቀራል፤ ሽቦው ሲደርስ የፍሬን ቱቦ ይጎድላል። አንድ ካርቶን በመጥፋቱ ብቻ ሊያልቅ ትንሽ የቀረው መኪና ግቢውን ሞልቶት ይቆማል። ሠራተኛው ጠዋት 2 ሰዓት ገብቶ እስከ 6 ሰዓት መፍቻ ሲወለውል ይቆይና «ዛሬ ዕቃ የለም፣ ሂዱ» ይባላል። ኮንቴይነሩ ደግሞ እንደተማከረብን ሁሉ ሐሙስ ማታ ወይ ዓርብ ይገባል። ያኔ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላም፣ እሁድ ሙሉ ቀንም ግቡ ነው።

የትርፍ ሰዓት ስንጠይቅ «ረቡዕ ቤታችሁ ውላችሁ የለ? ተካክሷል» ይሉናል። ከኅዳር ጀምሮ እንዲህ ነው። ደመወዜ 8,320 ብር ነው፤ በእሁዱ ምክንያት አንድ ብር ተጨምሮበት አያውቅም።

ዓርብ ማታ የእሁድ ገቢዎችን ስም የማነበው እኔ ነኝ። አለቃዬ «የመጨረሻው እሁድ ነው በላቸው» ይለኛል፤ እላቸዋለሁ። ከመስመሬ አንዲት እናት አለች። የሦስት ዓመት ልጇን እሁድ የሚይዝላት ስለሌለ ለጎረቤት ከፍላ ነው የምትመጣው። «እውነት የመጨረሻው ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። «አዎ» አልኳት። በቀጣዩ ዓርብ ስሟን ስጠራ ቀና ብላም አላየችኝ። ድሮ ሻይ ሰዓት ላይ ይጠሩኝ ነበር፤ አሁን እኔ ስደርስ ወሬው ይቆማል።

እሁድ ጥራት ክፍል ስለማይገባ የማረጋገጫ ቅጹ ላይ የምፈርመውም እኔው ነኝ፤ አንዳንዴ ከቆመው መኪና የፍሬን ቱቦ ነቅለን ገዢው ለሚጠብቀው እንገጥማለን፣ ግድ ነው።

አባቴ አጋሮ አካባቢ ትንሽ ቡና አለው። ኅዳር ላይ ሲቀላ እሁድ እሁድ እየሄድኩ እለቅምለት ነበር። ዘንድሮ አንድም እሁድ አልሄድኩም፤ ሰው ቀጥሮ አስለቀመ። አልተቆጣም። ጥር ላይ በሚኒባስ ሾፌር እጅ አንድ ፌስታል ቡና ላከልኝ። መልእክት የለውም፣ ቡናው ብቻ። ከዚያ ወዲህ ልደውልለት አፍራለሁ።

ለቅቄ አጋሮ ልግባ? ወይስ «ሱፐርቫይዘር እናደርግሃለን» ያሉኝን ልጠብቅ? አለቃዬ ክፉ ሰው አይደለም፤ እሱም እሁድ አብሮን ነው የሚውለው።

ስሜ ይቆይ፣ ከጅማ

መልስ

ወንድሜ፣

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በመጀመሪያው ልቤ ፌስታሉ ላይ ቀረ። በሁለተኛው ግን ወደ አባትህ ልትደርስ ስትጣደፍ «ግድ ነው» ብለህ ያለፍካት ነገር አስደነገጠችኝ፤ የፍሬኑ። ስለዚህ ከእሱ እጀምራለሁ።

ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ዕድሜውን ጋራዥ ነው የጨረሰው። የፍሬን ቱቦ ከዚህ ነቅለው እዚያ ሲገጥሙ ካየ ምሳውን ትቶ ይነሳ ነበር። አንተ ከእኔ በተሻለ ታውቀዋለህ፦ ቱቦው በተነቀለ ቁጥር ዘይቱ ይፈሳል፣ አየር ይገባል፤ አየሩ በደንብ ካልወጣ ፔዳሉ ሲረገጥ ይሰምጣል። ቱቦው የሚታሰርበት ጫፍ ላይ ያለችው የመዳብ ዋሸርም አንዴ ከተጨፈለቀች በአዲስ ትተካለች እንጂ ሁለተኛ አትታመንም። ይህን እሁድ አመሻሽ ላይ በደከመ እጅ ሠርታችሁ አንተው ታጸድቃለህ። ያ መኪና ጭነት ይዞ የጊቤን ቁልቁለት ሲወርድ አለቃህ ደግ ሰው መሆኑ ምን ይጠቅመዋል? ቅጹ ላይ ያለው ስም የአንተ ነው።

ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ከየትኛው ሻንሲ ቁጥር (የመኪናው መለያ ቁጥር) ተነቅሎ ለየትኛው እንደተገጠመ በደብተር ያዝ። እሁድ የተገጠመውን ሰኞ ጥራት ክፍል ሳያየው ከግቢ እንዳይወጣ በጽሑፍ ጠይቅ፤ ግልባጩን አስቀር። እምቢ ካሉ አትፈርም። እስካሁን ፈርመህ የወጡ ካሉም ለጥራት ክፍሉ ሄደህ ንገር፤ ተጠርተው ይታዩ። ሱፐርቫይዘርነቱ በዚህ ምክንያት ከቀረብህ መጀመሪያም የተፈለግከው ለፊርማህ ነበር ማለት ነው።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ። አለቆችህ ዕቃው የሚዘገየው በእነሱ ጥፋት ብቻ እንዳልሆነ ቢነግሩህ እውነት አላቸው። ኤልሲ (ለውጭ ግዢ የሚያስፈልገው የባንክ የክፍያ ዋስትና) መክፈቱ፣ ምንዛሪው፣ ወደቡ፣ መንገዱ፤ አንዱ ሲያዝ ሁሉም ይያዛል። ግን ይህ የድርጅቱ የንግድ ጣጣ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 አንቀጽ 54 ላይ ሠራተኛው ለመሥራት ዝግጁ ሆኖ መሣሪያና ጥሬ ዕቃ ባለመቅረቡ፣ ወይም በእሱ ባልሆነ ምክንያት ሳይሠራ ቢቀር ደመወዙን ያገኛል ይላል። ስለዚህ የረቡዑ ክፍያ ቀድሞም የእናንተ ነው፤ በእሁድ የሚመለስ ብድር አይደለም።

እሁዱ ደግሞ የራሱ ሂሳብ አለው። በሳምንታዊ የዕረፍት ቀን የተሠራ ሰዓት በ2 ይባዛል። 8,320 ብር ለ208 ሰዓት ሲካፈል ሰዓቱ 40 ብር ነው፤ ስምንት ሰዓት የዋልክበት አንድ እሁድ ግብሩ ሳይነሳ 640 ብር ይሆናል። ሕጉ በዕረፍቱ ቀን ለሠራ ምትክ ዕረፍትም ይሰጣል፤ «ተካክሷል» የሚሉህ ይህን ይዘው ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ምትኩ እጥፉን ክፍያ ይሰርዛል የሚል አላየሁበትም። ደግሞስ ጠዋት ገብቶ መፍቻ ሲወለውል የቆየ ሰው ምኑን ዐረፈ?

ትርፍ ሰዓትም ቢሆን ለአደጋ፣ ለአስቸኳይ ሥራና ለመሳሰለው የተፈቀደ ነው፤ ጣሪያው በቀን 4፣ በሳምንት 12 ሰዓት ነው። ከኅዳር እስከ ሚያዝያ የሚዘልቅ አስቸኳይ ሥራ እኔ አላውቅም። «አንተ ኃላፊ ነህ፣ አዋጁ አይመለከትህም» ካሉህም አትደናገጥ፤ አዋጁ የሚያስቀረው የመቅጠርና የማሰናበት ዓይነት ሥልጣን ያለውን የሥራ መሪ ነው፤ ስም መጥራት ሥራ መሪ አያደርግም።

አንድ ነገር ግን አጣድፍ። የደመወዝና የትርፍ ሰዓት ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር በይርጋ ይታገዳል። የኅዳሩ በወሩ መጨረሻ ይከፈል ከነበረ ግንቦት ሲያልቅ ያልፍብሃል። አሥራ አራታችሁም የገባችሁበትን ቀንና ሰዓት ጽፋችሁ ለአስተዳደር በደብዳቤ አስገቡ። የሠራተኛ ማኅበር ካላችሁ በማኅበሩ በኩል ይሁን፤ ከሌላችሁ ለማቋቋም አሥር ሰው ይበቃል፣ እናንተ ደግሞ ትተርፋላችሁ። ካልሆነ የሠራተኛ ጉዳይ የሚመለከተው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ተቆጣጣሪ አለው።

ሻይ ላይ ወሬ ስለሚቆምብህ ነገር፦ ሰዎችህ የተቀየሙህ እሁድ ስለጠራሃቸው አይመስለኝም። ሊያምኑህ ፈልገው ስለዋሸሃቸው ነው። ዓርብ ዝርዝሩን ስታነብ «መጨረሻው መቼ እንደሆነ አላውቅም» በል፤ አለቃህ ሌላ ሊያስብልህ ከፈለገ መጥቶ ራሱ ይበል። ያቺን እናት ግን በሰው ፊት ሳይሆን ለብቻዋ «ዋሽቼሻለሁ» በላት። ይቅርታውን አሳምርበታለሁ ብለህ ደግሞ ስለ አለቃህ አታውራላት፤ «አዎ» ያልካት አንተ ነህ።

መልቀቁን አሁን አትወስን። ስድስት ወር ያልተከፈለህን ትተህ፣ ደብተሩን ባዶ አድርገህ ብትወጣ አጋሮ ስትደርስም ይኸው ነገር ይከተልሃል። የአባትህ ማሳ ሁለት ቤት ይችል እንደሆነም አልነገርከኝም፤ ይህን ከእኔ በፊት እሱን መጠየቅ አለብህ።

ለመጠየቅ ደግሞ እሁድ አያስፈልግህም። በሚቀጥለው ጊዜ ዕቃ የለም ብለው 6 ሰዓት ላይ ሲለቋችሁ ቤትህ ገብተህ አትተኛ፤ በቀጥታ መናኸሪያ ሄደህ የአጋሮን ሚኒባስ ያዝ። ለአባትህ ምን እንደምትለው እያሰብክ አትጨነቅ፤ እሱም ቡናውን ሲልክ ምንም አላለህም። የፍሬኑን ነገር ግን ከዚያ በፊት ጨርስ።