ሳነቴ ላይ በሚኒባስ ለማደር፦ ሂተሩን መርካቶ ላይ ብቻ ፈትሸህ አትውጣ

ወንድሜ፣ ዶልፊን ሚኒባስህ ውስጥ አልጋ ሠርተህ በጥር ባሌ ተራሮች ሳነቴ አምባ ላይ ሁለት ሌሊት ልታድር እንደሆነ ጽፈህ፣ መብራት በሌለበት በምን እንደምታሞቀው ጠይቀሃል። መጀመሪያ ግን «ከሰሉ ፍም ሲሆን አስገባው፣ ጭስ የለውም» ላሉህ ሰዎች፦ በፍጹም አታስገባው። የሚገድለው ጭሱ አይደለም። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ከቀላ ፍምም ይወጣል፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይቀራል። በሩ ክፍት በሆነ ማድ ቤት ውስጥ መጠቀምና በተዘጋ መኪና ውስጥ መተኛት አንድ አይደለም።

1. የናፍጣ ሂተር (ናፍጣ እያቃጠለ ሞቃት አየር የሚነፋ ማሞቂያ) ግዛ፣ ባለ 2 ኪሎዋቱን። «8 ኪሎዋት ነው» ብለው ትልቁን ሊሸጡልህ ይሞክራሉ። 8 የሚባለው ብዙ ጊዜ ያው ባለ 5ቱ ላይ የተለጠፈ ቁጥር ነው፤ ሰው ሕይወቱን አምኖ በሚተኛበት ዕቃ ላይ እንዲህ መደረጉ ያናድዳል። ትልቁ ደግሞ ለሚኒባስ ስለሚበዛ ሌሊቱን በዝቅተኛ እየሠራ ጥላሸት ይሞላል።

2. ብዙውን ሰው የሚያከስረው ይሄኛው ነው። ሂተሩን አስገጥመህ መርካቶ ላይ ታስነሳዋለህ፣ ያለ ጭስ ይሠራል፣ ደስ ብሎህ ትሄዳለህ። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ ናት፤ ሳነቴ ከ4,000 በላይ ነው። እዚያ አየሩ ከዚህኛው በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ ፓምፑ ግን የለመደውን ያህል ናፍጣ መላኩን አይተውም። ትርፉ ሳይቃጠል ይቀራል። በመጀመሪያ ጥቁር ጭስ፣ ቀጥሎ የናፍጣ ሽታ ይመጣል፤ ከዚያ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ፣ ውርጩ በሚበረታበት ሰዓት፣ ውስጡ በጥላሸት ተደፍኖ ይጠፋል፤ ብታስነሳውም አይነሳም። ስለዚህ ከፍታ ማስተካከያ ያለው መቆጣጠሪያ ምረጥ። ከሌለው የፓምፑን ምት (ሄርዙን፣ በሰከንድ ስንቴ እንደሚመታ) እዚህ ካስተካከልከው በአንድ አምስተኛ ቀንስ፣ የፋኑን ዙር ሳትነካ። ልክ መሆኑን ለማወቅ አጥፍተህ ሲበርድ የጭስ ማውጫውን አፍ በነጭ ሶፍት ጥረገው፤ ደረቅና ግራጫ ከሆነ ደህና ነው፣ እንደ ድስት ቂጥ ከጠቆረና ከረጠበ የፓምፑን ምት አሁንም ቀንስ። ከማጥፋትህ በፊት 15 ደቂቃ በከፍተኛ አሠራው። የባትሪ ሽቦ ነቅለህ ግን አታጥፋው፤ ፋኑ ራሱን አቀዝቅዞ እስኪቆም ጠብቅ።

የጭስ ማውጫው ጫፍ ከወለሉ ሥር እንዳይቀር፤ ከተንሸራታቹ በር በተቃራኒ ጎን እስከ ውጭ ይምጣ። የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርም ከራስጌህ አጠገብ አድርግ፤ ያለ እሱ አትተኛ።

የሂተሩን ባትሪ ከሞተሩ ባትሪ ለይ፣ አለበለዚያ ጠዋት መኪናው አይነሳልህም። ሂተሩ ሲነሳ ለጥቂት ደቂቃ 10 አምፔር ገደማ ይስባል፣ ከዚያ 1 ወይም 2 ነው፤ በ10 ሰዓት ውስጥ እስከ 20 አምፔር-ሰዓት በለው። የ100 አምፔር-ሰዓት የአሲድ ባትሪ ግማሹን ብቻ ነው የምትጠቀመው፣ ብርድ ደግሞ ይቀንሰዋል። ሶማሌ ተራ ላይ ቀጭን ሽቦ ቢሰጡህ እንቢ በል፤ 6 ሚሊሜትር ካሬ ይሁን። ሽቦው ከቀጠነ ማቀጣጠያው ሳይግል ይቀራል፣ አንተም ሂተሩ የተበላሸ ይመስልሃል። ሊቲየም ከሆነ ከ0 ዲግሪ በታች ቻርጅ አታድርገው።

ሙቀቱ በመስታወቱ በብዛት ያመልጣል። ፎይል የተለበጠ ስፖንጅ ከመስታወቱ 1 ሴንቲሜትር አስፍተህ ቁረጥና ወትፈው። ግን አንዱን መስኮት ሁለት ጣት ያህል ክፍት ተው፤ ትንፋሽህ ጣሪያው ላይ ውሃ ሆኖ ብርድ ልብስህ ላይ ይንጠባጠባል። ከላይ የመንዝ ባና (የበግ ሱፍ ብርድ ልብስ)፣ ከሥር ፍራሽ። ጋቢ እርጥበት ስለሚይዝ ብቻውን አይበቃም።

ትንሿን የቡቴን ጋዝ ለቡና እንኳ አትመናት፤ በብርድ ግፊቷ ይዳከማል።

ከመንገዱ በፊት አንድ ሌሊት እንጦጦ አናት ላይ ውጣ፣ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ሂተሩን ለ8 ሰዓት ያህል አሠራውና ጠዋት ሶፍቱን እይ።