ከኪሎ ጥብስ እስከ ብርዝ፦ የምግብ ቤት ጥያቄዎቻችሁ

በጅማ ሰፈሮች ወጣ ብለው ስለሚመገቡበት ነገር ከጠየቃችሁን ውስጥ ሰባቱን መርጠናል። ጠያቂዎቹን በስም ሳይሆን በሰፈራቸው እንጠራለን።

ጥያቄ (ከመንደራ)፦ አራት ሆነን 1 ኪሎ የጎድን ጥብስ አዘዝን። የቀረበልን ለሁለት ሰው እንኳ አይበቃም ነበር። ሥጋ ሲጠበስ እንዲህ ይቀንሳል ወይስ ተሰርቀናል?

መልስ፦ ከመፍረዳችሁ በፊት ሒሳቡን ሥሩ። ጎድን ከሆነ ሩብ ያህሉ አጥንት ነው እንበል፤ 750 ግራም ሥጋ ይቀራል። ሥጋ አብዛኛው ውሃ ስለሆነ እሳት ላይ ከክብደቱ ሩብ እስከ ሲሶ ያጣል። ሸክላው ላይ የሚደርሰው እንግዲህ ከ500 እስከ 560 ግራም ነው፤ ለአራት ሲካፈል ለአንድ ሰው ከ125 እስከ 140 ግራም። ማንም ሳይሰርቃችሁ እንዲህ ሊሆን ይችላል። ከእንጀራ ጋር ለሚበላ ሰው ከአጥንት የጸዳ 250 ግራም፣ አጥንት ያለው ከሆነ 350 ግራም ጥሬ ሥጋ ያዙ።

ሚዛኑ ዘንድ መቆም ግን አይቅርባችሁ። ወረቀቱ ወይም ሳህኑ ተቀምጦበት ሚዛኑ ዜሮ ያነብባል? ሞራውና ጅማቱ የሚነሳው ከመመዘኑ በፊት ነው ወይስ በኋላ? የኪሎው ዋጋ ማስጠበሻውን፣ እንጀራውንና አዋዜውን ይጨምራል? እነዚህን ሥጋው ሳይቆረጥ ጠይቁ፤ ከተቆረጠ በኋላ የሚነሳ ክርክር ለማንም አይጠቅምም።

ሌላም አለ። ሙሉ ኪሎው በአንድ መጥበሻ ከገባ መጥበሻው ይቀዘቅዛል፣ ሥጋው ውሃውን ይለቅቃል፣ ከዚያ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። ግራጫና ማኘክ የሚያደክም የሚሆነው ለዚህ ነው። «ለሁለት ተከፍሎ ይጠበስ» በሉ። ደረቅ ጥብስ የሚወድ ሰው ትንሽ ደቂቃ ቢጠብቅ አይቆጨውም።

ጥያቄ (ከአጂፕ)፦ ክትፎ ለብለብ ካስደረግሁት ኮሶ አይዘኝም ይላሉ። ሚጥሚጣውና አረቄውስ አይገድሉትም?

መልስ፦ ሦስቱም አይገድሉትም። የኮሶ እጭ በበሬው ሥጋ ውስጥ የሩዝ ፍሬ ወይም የአተር መጠን ያላት፣ ውሃ የቋጠረች ነጣ ያለች ከረጢት ናት። እንድትሞት የሥጋው መሃል ከ60 ዲግሪ በላይ መሞቅ አለበት። ለብለብ ክትፎ ግን ሞቅ ባለ ቅቤ ለአፍታ የሚታሽ ነው፤ ቀይ እንደሆነ ይወጣል። እንዲያውም ቁርጥ ከሆነ ቢላዋው ሲያርፍ ከረጢቷን ማየት ይቻል ይሆናል፤ ክትፎ ውስጥ ግን ተከትፋ ትጠፋለች። ሚጥሚጣ የሚያቃጥለው ምላስዎን ነው።

የቄራ ማህተም ያለበት ሥጋ ከሌለው እጅግ ይሻላል። ሆኖም መርማሪው የሚሰነጥቀው እንደ መንጋጋ፣ ምላስና ልብ ያሉ የተመረጡ ቦታዎችን ስለሆነ ጥቂት እጭ ያለበት በሬ ሊያልፍ ይችላል። ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ወይም ከዚያ በበለጠ ቅዝቃዜ ለ10 ቀን በቆየ ሥጋ ውስጥ እጩ ይሞታል፤ ግን የዛሬ ሥጋ ነው ብሎ የሚሸጥ ቤት ይህን አያደርግም። ስለዚህ ዋስትና የሚፈልግ ሰው «የበሰለ» ብሎ ይዘዝ፤ ሲመጣም ውስጡን ከፍቶ ቡናማ መሆኑን ይይ። ጥሬ ሥጋ ይቅር አንልም፤ ማንስ ይሰማናል! ነጭ ጠፍጣፋ ቁራጭ ከሰገራ ጋር ካዩ ግን በግምት ኮሶ ከመጠጣት ጤና ጣቢያ ይሂዱ። የሚታዘዘው ኪኒን ቀላል ነው።

ጥያቄ (ከፈረንጅ አራዳ)፦ መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አለ። በአንድ ትሪ አብረን ምሳ መብላት እንፈልጋለን፤ ምን እንዘዝ?

መልስ፦ ቀላሉ መንገድ ረቡዕን ወይም ዓርብን መርጦ የጾም በያይነቱ ማዘዝ ነው። ጿሚው ይጾማል፣ ሌላው የሚከለክለው የለም። አስተናጋጁን ሁለት ነገር አጥብቃችሁ ጠይቁ፦ ሽሮው ቅቤ ወይም የሥጋ መረቅ ገብቶበታል? ጭልፋውስ ከሥጋ ወጡ ጋር አንድ ነው? ሥራ በሚበዛበት ኩሽና ጭልፋ መጋራት የተለመደ ስህተት ነው።

ጾም ባልሆነ ቀን ዓሣ ያስታርቃል። ዓሣ በእስልምና የእርድ ጥያቄ አያስነሳም፣ ክርስቲያኑም በፍስክ ቀን ይበላዋል። ግልገል ጊቤ ግድብ ቅርባችን ስለሆነ ቆሮሶ ማግኘት አያስቸግርም። ሳይጠበስ አሳዩን በሉ፤ ዓይኑ የጠራና ወጣ ያለ፣ ስንጥቡ ቀይ ከሆነ ትኩስ ነው። ስንጥቡ ቡናማ ሆኖ የሚያዳልጥ ከሆነ ተዉት። በሁዳዴ ግን ዓሣ ላይ ሰው ሁሉ አንድ ሐሳብ ስለሌለው ወደ በያይነቱ ተመለሱ። በረመዳን ደግሞ ምሳውን ትታችሁ ማታ ለኢፍጣር ተቀጣጠሩ።

ጥያቄ (ከሂርማታ)፦ ብርዝ አልኮል የለውም ተብሎ እንጠጣለን። አንዳንድ ቀን ግን አፍ ይቆነጥጣል። ለምን?

መልስ፦ መፍላት ጀምሮ ነው። ብርዝ ማር በውሃ ተበጥብጦ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ለ1 እጅ ማር 3 ወይም 4 እጅ ውሃ። ጌሾ የለውም። ነገር ግን ንጹሕ ማር የማይፈላው ውሃው ትንሽ ስለሆነ ነው፤ ሲበጠበጥ በማሩ ውስጥ ተኝቶ የቆየው እርሾ ይነቃል። በሞቃት ቀን በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ መፍላት ይጀምራል፤ በደንብ ያልታጠበ ዕቃ ከሆነ ደግሞ ይፈጥናል። ምልክቱ ከሥር የሚወጣ ደቃቅ አረፋ፣ አንገቱ ላይ የሚቆም ነጭ ኮፈፍና እንደመኮምጠጥ ያለ ሽታ ነው። «መቼ ተበጠበጠ?» ብለው ይጠይቁ፤ ዛሬ ጠዋት ከሆነና ፍሪጅ ውስጥ ከዋለ ይጠጡ። ከትናንት ወዲያ ከሆነ ጠጅ ሊሆን መንገድ ጀምሯል። (ከ1 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ብርዝም ሆነ ማር አይሰጥም።)

ጥያቄ (ከጅሬን)፦ ሐኪም ግሉተን (እንደ ስንዴ ባሉ እህሎች ውስጥ ያለውን ፕሮቲን) ከልክሎኛል። ጤፍ ግሉተን የለውም ይባላል፤ ታዲያ ምግብ ቤት እንጀራ ስበላ ለምን ያመኛል?

መልስ፦ ጤፉ ንጹሕ ስላልሆነ ይሆናል። ምግብ ቤቶች ዋጋ ለመቀነስ ጤፍን ከሌላ እህል ጋር ይቀላቅላሉ። በቆሎ፣ ማሽላና ሩዝ ግሉተን የላቸውም፤ ስንዴና ገብስ ግን አላቸው፤ እርስዎን የሚጎዳው እነዚህ ሁለቱ ናቸው። በዓይን መለየት አይታመንም፤ የበቆሎ ቅልቅል ሲቀዘቅዝ ጠርዙ ይሰነጠቃል፣ ሩዝ ይገትረዋል፣ ስንዴው ግን ልስልስ ያለ እንጀራ ሆኖ ያታልላል። እንጀራውን ማን እንደሚያቀርብ ጠይቀው ጋጋሪዋን ያናግሩ፤ የዱቄቱን ብቻ ሳይሆን የእርሾውንና የምጣዱንም ነገር ይጠይቁ፣ ድፎ ዳቦ የሚጋገርበት ምጣድ አይሆንዎትም። ካልተማመኑ ከቤት የራስዎን እንጀራ ጠቅልለው ይዘው ወጡን ብቻ ይዘዙ። የሰፈር ቤት ለዚህ አይከፋም።

ጥያቄ (ከሰጦ ሰመሮ)፦ ሜኑው ላይ 400 ብር የሚል ምግብ በልቼ 506 ብር ከፈልኩ። አስተናጋጁ ደግሞ በራሱ ቁጥር በቴሌብር ላክልኝ አለኝ። ትክክል ነው?

መልስ፦ ሒሳቡ ልክ ሊሆን ይችላል። 400 ላይ 10 በመቶ ሰርቪስ ሲጨመር 440፣ በዚያ ላይ 15 በመቶ ቫት ሲሰላ 506 ይሆናል። ችግሩ ሜኑው ይህን አለመጻፉ ነው፤ ከማዘዝዎ በፊት «ዋጋው ቫትን ይጨምራል?» ይበሉ። በአስተናጋጅ የግል ቁጥር መላክ ግን አይገባም፤ ቫት ከፍለው ደረሰኝ ካልያዙ ገንዘቡ የት እንደገባ አያውቁም። የነጋዴውን ኪውአር ኮድ ወይም ቁጥር ይጠይቁ፤ ከመላክዎ በፊት የሚመጣው ስም የቤቱ መሆኑን ይዩ። የማሽን ደረሰኙ ላይ ቲን ቁጥር፣ ቀንና የምግቡ ዝርዝር መኖር አለበት።

ጥያቄ (ከዩኒቨርሲቲው አካባቢ)፦ የቡና አገር ላይ ሆነን የካፌ ማኪያቶ ለምን ያረረ ይላል?

መልስ፦ ከቡናው ይልቅ ማሽኑን ጠርጥሩ። አንድ ስኒ ከ7 እስከ 9 ግራም ዱቄት ይፈልጋል፤ ከ25 እስከ 30 ሰከንድ ውስጥ መውረድ አለበት። እየተንጠባጠበ 40 ሰከንድ ካለፈ ዱቄቱ ደቅቋል ወይም በጣም ተጠቅጥቋል፤ መራራው ከዚያ ይመጣል። ማሽኑ ሳይሠራ ቆይቶ የወረደው የመጀመሪያው ስኒ ደግሞ ውስጡ ሲግል የቆየውን ውሃ ይዞ ይመጣል። የአፈር ሽታ ከሆነ ግን ጥፋቱ ሜዳ ላይ ከደረቀ ቡና ነው፤ ባሪስታው አያድነውም። ለማረሩ ግን «መጀመሪያ ማሽኑ ውስጥ የቆየውን ውሃ አፍስሰው» ብትሉት ስድብ አይደለም።