የሥልጠና ውሉ ይቆየንና ውክልናው ላይ ምን ተጽፏል?

ጥያቄ፦ «ዘንድሮ በሕግ ተመርቄ የመውጫ ፈተናውንም አልፌ የንግድ ሕግ ላይ የሚሠራ ቢሮ ገብቻለሁ። የመጀመሪያው 6 ወር ሥልጠና ነው ተብሎ የትራንስፖርት ብቻ ነው የሚከፈለኝ። 2 ዓመት ሳይሞላሽ ከለቀቅሽ 150 ሺህ ብር ትከፍያለሽ የሚል ውል ፈርሚ ብለውኛል፣ ኦርጅናል ዲግሪዬንም አስቀምጪ ተብያለሁ። እስካሁን አልፈረምኩም። ሥራው ግን ደስ ይላል፣ የውጭ ደንበኞች አሉን፣ ውክልና ተሰጥቶኝ ንግድ ሚኒስቴር፣ ገቢዎች፣ ባንክ የምሯሯጠው እኔ ነኝ፣ ሰኞም ሰነዶች ማረጋገጫ ሄጄ የምፈርመው አለ። ውሉ ሕጋዊ ነው ወይ?» (ጀማሪዋ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እህቴ እንኳን ደስ አለሽ። የጠየቅሽኝን ቶሎ ልጨርስልሽ፣ ምክንያቱም እኔን ያሳሰበኝ ያልጠየቅሽኝ ነው።

«ሥልጠና» የሚለውን ስም ዝም ብለው አልመረጡትም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ለትምህርትና ለሥልጠና ተብለው የሚደረጉ ውሎችን፣ ከሙያ ልምምድ በቀር፣ ከሽፋኑ ውጪ ያደርጋቸዋል። ግን ስሙ ብቻውን አይወስንም። ጠዋት ገብተሽ ማታ የምትወጪ ከሆነ፣ አለቃ የሚያዝሽ ከሆነ፣ የሠራሽው ለደንበኛ ሄዶ ቢሮው ክፍያ የሚቀበልበት ከሆነ ተቀጣሪ ነኝ ብለሽ የምትከራከሪበት በቂ መሠረት አለሽ። ተቀጣሪ ከሆንሽ ደግሞ የሙከራ ጊዜ 60 የሥራ ቀን እንጂ 6 ወር አይሆንም፣ በሙከራም ጊዜ ደሞዝ አለ፣ የጽሑፍ ውል ከሌለም በ15 ቀን ውስጥ ሁኔታውን የሚገልጽ የተፈረመ ጽሑፍ ሊሰጡሽ ይገባል። ከሙከራ በኋላ መልቀቅ ስትፈልጊ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ትሰጫለሽ፣ ሳትሰጪ ብትሄጂ ሕጉ ያስቀመጠው ካሳ ከ30 ቀን ደሞዝሽ አይበልጥም። ስለዚ 150 ሺህ የሚባለው ፍርድ ቤት ቢሄድ የሚጸና አይመስለኝም። በርግጥ ቢሮው ከኪሱ ከፍሎ ሌላ ቦታ አስተምሮሽ ከሆነ ነገሩ ሙግት አለው፣ ውሉን ሳላየው እርግጠኛ አልሆንልሽም። ዲግሪውን ኮፒ ስጪ፣ ኦርጅናሉን አሳይተሽ ይዘሽ ተመለሺ፣ በቃ።

አሁን ወደ ውክልናው።

ውክልና ተሰጥቶኝ እሯሯጣለሁ ብለሽ በአንድ መስመር አለፍሽው። ማን ነው የወከለሽ፣ ደንበኛው ራሱ ነው ወይስ አለቃሽ የራሱን ውክልና ነው ወደ አንቺ ያስተላለፈው? ምን ምን ሥልጣን ተጽፎበታል? ኮፒው እጅሽ ላይ አለ ወይ? አንዱንም አልነገርሽኝም፣ እኔ ደሞ ስገምት አንዱንም በደንብ አላነበብሽውም። አትቆጪ፣ ብዙ ጀማሪ እንዲህ ነው፣ ሕግ 5 ዓመት ተምሮ የራሱ ስም ያለበትን ሰነድ የማያነብ ልጅ ስንት አይቻለሁ መሰለሽ።

እዚህ አገር ውክልና እንዴት እንደሚጻፍ ታውቂያለሽ፣ ከድሮ ሰነድ ላይ ተገልብጦ ነው የሚመጣው። ንግድ ፈቃድ ለማሳደስ የተባለው ወረቀት ውስጥ ለመሸጥ፣ ለመለወጥ፣ ለማስያዝ፣ ለመክሰስ፣ ለመከሰስ፣ ገንዘብ ለመቀበል የሚል ይገባበታል። ይሄ ሁሉ ስለተሰጠሽ በራሱ ወንጀለኛ አትሆኚም፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2189 መሠረት በሥልጣንሽ ልክ በወካይሽ ስም የሠራሽው ውጤቱ የወካዩ ነው። ችግሩ ነገር ሲበላሽ ነው። ደንበኛው ለምዝገባ ብሎ በአንቺ አካውንት ብር ያስገባል፣ ግማሹን በደረሰኝ ግማሹን ያለ ደረሰኝ ታወጪዋለሽ፣ ከወራት በኋላ ከቢሮው ጋር ይጣሉና «ብሬ የት ገባ» ሲል ሒሳብ የማቅረብ ግዴታ ያለበት ተወካዩ ነው፣ ማለትም አንቺ። አለቃሽ ያኔ «እሷ ናት የያዘችው» ቢል ምን ይዘሽ ትከራከሪያለሽ? የደንበኛ ብር በአካውንትሽ አይግባ። ገብቶ ከሆነ ዛሬ ማታ ቁጭ ብለሽ የገባውን የወጣውን ጽፈሽ ከነደረሰኙ ለቢሮው በኢሜይል ላኪ።

ከዚህ የባሰው ደግሞ ሰኞ ትፈርሚያለሽ የተባልሽው ነው። ምን እንደሆነ አልጻፍሽልኝም። የውጭ ባለሀብት ድርጅት ሲያቋቁም የሥራ ፈቃዱና የመኖሪያ ፈቃዱ እስኪያልቅለት ቲን የሚያወጣለት፣ ባንክ የሚከፍትለት፣ ገቢዎች ሄዶ አሻራ የሚሰጥለት ሰው ይፈልጋል። ቢሮው ውስጥ ደሞ ወጣት፣ ታማኝ፣ እምቢ የማትል አንድ ልጅ አለች። «ለጊዜው ነው፣ ፎርማሊቲ ነው፣ 2 ወር አይሞላም» ተብላ በቃለ ጉባኤ ሥራ አስኪያጅ ትሆናለች። ይሄን ታሪክ የያዘ ሰው ቢሮዬ ሲመጣ አዲስ አይሆንብኝም፣ የሚለያየው የድርጅቱ ስም ነው።

ተወካይና ሥራ አስኪያጅ አንድ አይደሉም እህቴ። ሥራ አስኪያጅ በንግድ መዝገብ ላይ ስሙ የሚሰፍር ሰው ነው። ድርጅቱ ግብር ሳያሳውቅ ሲቀር፣ የሠራተኛ ጡረታ ቆርጦ ሳያስገባ ሲቀር፣ በቂ ስንቅ የሌለው ቼክ ፈርሞ ሲሰጥ መጀመሪያ የሚፈለገው እሱ ነው፣ የታክስ ሕጉም ሥራ አስኪያጁን በግል የሚጠይቅበት መንገድ አለው። እና ሰው የማይገባው ምን መሰለሽ፣ ከቢሮው ብትለቂም ከመዝገቡ አትወጪም። መልቀቂያሽ ከጥብቅና ቢሮው ነው፣ ከድርጅቱ ለመውረድ ሌላ ቃለ ጉባኤ ተይዞ፣ ተረጋግጦ፣ ንግድ መዝገብ ላይ መግባት አለበት። ባለሀብቱ አገሩ ተመልሶ ስልክ ካላነሳ ማን ይፈርምልሻል? አንቺ ሌላ መሥሪያ ቤት ተቀጥረሽ ነገሩን ረስተሽው ስትኖሪ፣ አንድ ቀን ለራስሽ ጉዳይ ገቢዎች ክሊራንስ ልታወጪ ትሄጂና የማታውቂው ዕዳ ስክሪን ላይ ይመጣል። ስለዚህ ሰኞ ከመሄድሽ በፊት ሰነዱን በሶፍት ኮፒ ጠይቂ፣ ስምሽን ፈልጊው። ከስምሽ ጎን ሥራ አስኪያጅ፣ ባለአክሲዮን፣ ዋስ የሚል ካለ ፊርማሽ አይረፍበት። «አለቃዬ ይቀየመኛል» ትይኝ ይሆናል። ይቀየም። በሥልጠና ብር፣ ያለ ደሞዝ የድርጅት ሥራ አስኪያጅ የሚያደርግ ቢሮ ላይ መቀየም ያለብሽ አንቺ ነሽ።

ፍርድ ቤትም ይልኩሽ ከሆነ፣ ሬጅስትራር ሄዶ መዝገብ መክፈት፣ ግልባጭ ማውጣት ችግር የለውም። «ዛሬ ቀጠሮ ብቻ ነው፣ ገብተሽ ተቀበዪ» ሲሉሽ ግን ጥብቅና ፈቃድ የለኝም በይ። በውክልና ብቻ ለደንበኛ ችሎት መቆም አትችይም፣ ደንበኛው እንዳልቀረበ ተቆጥሮ መዝገቡ ሊዘጋበት ይችላል። ያለፈቃድ ጥብቅና ደሞ ያስጠይቃል፣ ነገ በጥብቅና አዋጁ 1249/2013 ፈቃድ ስትጠይቂ ሥነ ምግባርሽ ይታያልና ዛሬ በሰው ጉዳይ አታቆሽሺው።

ፈቃዱን ካነሳን፣ የሥራ ልምድ ይጠየቅሻል። ቢሮው በአዋጁ መሠረት የተመዘገበ የጥብቅና ድርጅት ነው ወይስ የአንድ ጠበቃ ቢሮ ሆኖ በሩ ላይ ትልቅ ስም የለጠፈ? ደብዳቤሽን የሚፈርመው ማን እንደሆነ ከአሁኑ እወቂ። በጽሑፍ ያልተያዘ፣ ደሞዝ የሌለበት፣ ጡረታ (7 በመቶ ካንቺ 11 በመቶ ከነሱ) ያልገባበት 6 ወር በኋላ ማስረዳት ይከብድሻል። አዋጅ 1156 አንቀጽ 12 ሠራተኛ በጠየቀ ጊዜ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደሞዙን የሚገልጽ ምስክር ወረቀት በነጻ እንዲሰጠው ያዛል፣ ለመልቀቅ አትጠብቂ።

በስምሽ ያሉትን ውክልናዎች በሙሉ ቁጥራቸውንና ቀናቸውን ይዘሽ ኮፒ ሰብስቢ። የማትፈልጊውን በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2229 መሠረት ለወካዩ አሳውቀሽ መተው ትችያለሽ፣ ግን መሀል መንገድ ላይ ጥለሽው ደንበኛው ከተጎዳ ካሳ ሊያስጠይቅሽ ስለሚችል በጽሑፍ፣ ጊዜ ሰጥተሽ አድርጊው። ደብዳቤውንም ብቻሽን አትጻፊው። እኔ ይህን ሁሉ የምልሽ ሰነዱን ሳላይ ነው፣ ስለዚ የሥልጠና ውሉን፣ ውክልናዎቹን፣ የሰኞውን ወረቀትና የባንክ ስቴትመንትሽን ይዘሽ ከቢሮው ጋር ግንኙነት የሌለው ጠበቃ ጋ ሂጂ፣ አቅም ከሌለሽም ነጻ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡ የዩኒቨርሲቲ ማዕከላት አሉ፣ ምናልባት የተማርሽበትም አለው። የጠበቃው ቀጠሮ ከሰኞ በኋላ ከሆነ የሰኞውን ፊርማ ነው የምታዘገዪው።