ጋዙ ይጮሃል፣ ቡሹ ግን ንቅንቅ አይልም

አንዲት አንባቢ ከለገጣፎ ጽፈውልኛል። ሰፈራቸው መብራት በጠፋ ቁጥር በኤሌክትሪክ የሚሠራው የወይን መክፈቻቸው ዋጋ ቢስ ሆኖ አስቸገራቸው። ይህን የሰሙት እህታቸው ከውጭ አገር በጋዝ የሚሠራ መክፈቻ ላኩላቸው። ባለፈው እሁድ እንግዳ መጣ፣ ወጡ ወጣ፣ ወይኑ ጠረጴዛ ላይ ቀረበ። የመክፈቻውን መርፌ ቡሹ ላይ ሰኩና ከላይ ተጫኑ። «ፍስስስ» አለ። ቡሹ ግን ንቅንቅ አላለም። አምስት ጊዜ ደጋገሙት። ባለቤታቸው መጀመሪያ «ጠበቅ አድርገሽ ተጫኚው እንጂ» አሉ። ቀጥለው ደግሞ «ሰፈራችን ከፍታ ላይ ስለሆነ ይሆናል» አሉ። በመጨረሻ ሁሉም ፈርተው ተዉት። ጠርሙሱ ኩሽና ጥግ ቆሞ ቀርቷል፣ የሚነካው ጠፍቷል። መክፈቻውን «ጋዝ ስለሆነ ይቀዝቅዝ» ብለው ፍሪጅ ውስጥ ነው የሚያስቀምጡት። «ጋሼ፣ ዕቃው ነው የተበላሸው ወይስ እኔ ነኝ ያልቻልኩበት? ጋዙስ ሲያልቅ ምን ላድርግ?» ይላሉ።

እህቴ፣ ዕቃው የተበላሸ አይመስለኝም። ፈርተው መተዎም ደግ አደረጉ። እኔ 22 ዓመት ባር ውስጥ ሠርቻለሁ፤ ሲፈሩ መተው የማያውቁ ወንዶች ብዙ አይቻለሁ።

ከሁሉ በፊት ያችን ጥግ የቆመች ጠርሙስ እንገላገላት። ውስጧ ጋዝ ይኑር አይኑር ከውጭ አይታወቅም። ስለዚህ እንዳለ ቆጥረን እንያዛት። መርፌ ሲነቀል ቡሽ መልሶ ይገጥማል፣ የገባው ጋዝም እዚያው ታፍኖ ሊቆይ ይችላል። ሳይንጧት በወፍራም ፎጣ ከአንገቷ እስከ ታቿ ይጠቅልሏትና ፍሪጅ ውስጥ ሁለት ሦስት ሰዓት ያቁሟት። ጋዝ ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ይቀንሳል። ከዚያ በተለመደው ጠምዛዛ መክፈቻ፣ ከነፎጣዋ፣ አፏን ከፊትዎም ከሰውም አዙረው ቀስ ብለው ይሳቡት። ቡሹ መጨረሻ ላይ ዘሎ ሊወጣ ስለሚችል የፎጣውን ጫፍ ከላይ ጣል ያድርጉበት። ልጆች ኩሽና ውስጥ ባይኖሩ ይመረጣል።

አሁን ወደ ጥያቄዎ። ይህ መክፈቻ ምን እንደሚሠራ ካወቁ ችግሩን ራስዎ ያገኙታል። መርፌው ውስጡ ክፍት ነው፣ ጫፉ አካባቢ ጎኑ ላይ ትንሽ ቀዳዳ አለችው። ቡሹን በስቶ ሲያልፍ ቀዳዳዋ ከቡሹ በታችና ከወይኑ በላይ ባለው ጠባብ ባዶ ቦታ ላይ ትወጣለች። ጋዙ እዚያ ይገባል፣ መውጫ ያጣል፣ ቡሹን ከሥር ይገፋዋል። ቡሽ ደግሞ እልኸኛ ነው። ሳይታሸግ ውፍረቱ 24 ሚሊ ሜትር ገደማ የነበረው፣ 18.5 ሚሊ ሜትር በሆነ አንገት ውስጥ ተጨምቆ ነው የተቀመጠው።

ልብ ይበሉ፣ ጋዝ ቡሹን ብቻ መርጦ አይገፋም። የጠርሙሱን ጎንም ታችም በዚያው ልክ ይገፋል። ለዚህ ነው ቡሹ እምቢ ሲል ጋዝ መጨመር የማይገባው። በአንድ ጊዜ ከአንድ ሁለት ሰከንድ በላይ አይጫኑ። ሁለት ጊዜ ሞክረው ካልተነቃነቀ ያቁሙ። ጋዙ የት እየሄደ ነው ብለው ይፈልጉ።

የእርስዎን ጋዝ ግማሽ ጉልበት የበላው ፍሪጁ ነው ብዬ እገምታለሁ። በእነዚህ መክፈቻዎች ትንሽ ጣሳ ውስጥ ያለው ጋዝ ብዙውን ጊዜ ተጨምቆ ፈሳሽ የሆነ ነው። ፈሳሹ ተንኖ ነው ግፊት የሚሰጠው፣ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይሰንፋል። ይህንን ከሲሊንደርዎ ያውቁታል። በሐምሌ ጠዋት ጋዙ ሊያልቅ ሲል እሳቱ ቅዝዝ ይላል አይደል? ያው ነው። መክፈቻውን ከፍሪጅ አውጥተው ቁም ሳጥን ውስጥ ያኑሩት። ከመጠቀምዎ በፊት የክፍሉን ሙቀት ይያዝ፣ ቢቸኩሉ መዳፍዎ ውስጥ ትንሽ ይያዙት። እባክዎ ሙቅ ውሃ ውስጥ እንዳይነክሩት፤ ምድጃ አጠገብም፣ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥም አይተዉት።

ሁለተኛው ጥርጣሬዬ ባለቤትዎ ላይ ነው፣ ይቅር ይበሉኝ። «ጠበቅ አድርገሽ ተጫኚው» ያሉት ነገር ቡሹን አስሮት ይሆናል። ቡሹ ወደ ላይ ሲወጣ መክፈቻውንም ይዞ ነው የሚነሣው። እርስዎ በመዳፍዎ፣ ከትከሻዎ ክብደት ጋር ከላይ ከተጫኑት፣ ጋዙ ከሥር ሲገፋ እርስዎ ከላይ እየመለሱት ነው። መርፌውን ለማስገባት ጉልበት ያስፈልጋል፣ ልክ ነው። ከገባ በኋላ ግን ክብደትዎን ያንሡ። አንድ እጅ አንገቱን ይያዝ፣ የሌላው እጅ አውራ ጣት ብቻ ጋዙን ይጫን። እሷም ነካ አድርጋ ትልቀቅ። ቡሹ ሲነሣ እጅዎ አብሮት ይነሣል።

ሦስተኛው መርፌው ነው። ቡሾች እኩል አይደሉም። ርዝመቱ 38 ሚሊ ሜትር የሆነ አለ፣ 49 የሚደርስም አለ። ረጅም ቡሽ ሲገጥምዎ ቀዳዳዋ እዚያው ቡሹ ውስጥ ትቀራለች፣ ጋዙም በመርፌው ዙሪያ ወደ እርስዎ ይመለሳል። ያ «ፍስስስ» የሰሙት ከላይ ከሆነ እሱ ነው። ማረጋገጫው ቀላል ነው። የስልክዎን መብራት ከጠርሙሱ አንገት ጀርባ ያብሩ። አረንጓዴው መስታወት በርቶ ቡሹ እንደ ጥላ ይታያል። ከሥሩ የመርፌው ጫፍ ብቅ ካለ ደህና ነው። ካልታየ ገና አልገባም፣ ወይ መርፌው ያጥራል። ከጠርሙሱ ውጭ ደግሞ መርፌውን ጣትዎ አጠገብ፣ ፊትዎን አርቀው፣ አንዴ ነካ ያድርጉት። ንፋስ ካልተሰማዎት ወይ ጋዙ አልቋል፣ ወይ ቀዳዳዋን የቡሽ ፍርፋሪ ደፍኗታል። ፍርፋሪውን፣ ጣሳውን ከመክፈቻው ካላቀቁ በኋላ በስስ ሽቦ ያውጡት።

እግረ መንገዴን፣ ከመጀመርዎ በፊት አንገቱ ላይ ያለውን ፎይል ከከንፈሩ ሥር ቆርጠው ይጣሉት። መርፌውንም መሐሉ ላይ፣ ቀጥ አድርገው ይስኩ። የፕላስቲክ ቡሽ ከሆነ መርፌው ስለሚጎብጥ ትግል አይግጠሙ፣ በጠምዛዛው ይክፈቱት።

ከፍታውስ? እዚህ ላይ ባለቤትዎ ተሸንፈዋል። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,355 ሜትር አካባቢ ናት፣ የእናንተም ሰፈር ከዚያ ብዙ አይርቅም። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ይህ ማለት ከውጭ ቡሹን የሚጫነው አየር አነስ ያለ ነው። ባቱ (የድሮዋ ዝዋይ) ላይ፣ በ1,640 ሜትር አካባቢ የታሸገ ወይን እንኳ እናንተ ዘንድ ሲደርስ ቡሹ ከሥር በትንሹ ይገፋል። ከፍታው ያግዛል እንጂ አያስቸግርም።

አንድ ነገር ሳልናገር ብቀር ያንገበግበኛል። ጠጅ ጥለው በወይን ጠርሙስ ገልብጠው፣ የድሮውን ቡሽ መልሰው የሚወትፉ ብዙ ቤቶች አሉ። ጠጅ ታሽጎም መፍላቱን ላያቆም ይችላል። ውስጡ ራሱ ጋዝ እየሠራ ነው። በዚያ ላይ ሌላ ጋዝ መጨመር ጠርሙሱን ማፈንዳት ነው። ሻምፓኝና አረፋ ያለው ወይንም እንዲሁ። የሻምፓኝ ጠርሙስ ውስጥ ከ5 እስከ 6 አትሞስፌር ግፊት አለ፤ የመኪናዎ ጎማ ከ2 ተኩል ብዙ አያልፍም። ስለዚህ ነው መስታወቱ ያን ያህል የሚወፍረው። የተራ ወይን ጠርሙስ ለእንዲህ ያለ ጭንቀት አልተሠራም።

የተጫረ፣ የተላጠ ወይም ክብ ያልሆነ ጠርሙስም ይለፍዎት። አንድ ጊዜ ሰንዳፋ ሰርግ ላይ አብሮኝ የሚሠራ ልጅ ጎኑ ጠፍጣፋ የሆነ ጠርሙስ በጋዝ ሊከፍት ተነሣ። ቡሹ እምቢ አለው፣ እሱም እምቢ አለ። አራተኛው ላይ ታቹ ተቦድሶ ወደቀ። ቀዩ ወይን በሙሽራዋ አክስት ነጭ ቀሚስ ላይ ሲረጭ ድንኳኑ ደም ያየ ያህል ጮኸ። ማንም አልተጎዳም፣ ቀሚሱ ግን ቀሚስ መሆኑ ቀረ። ከዚያ ወዲህ እኔ ራሴ ያለ ፎጣ አልከፍትም።

ጋዙ ሲያልቅ ምን ላድርግ ላሉት፣ መተኪያው የዚያው መክፈቻ የራሱ ጣሳ ብቻ ነው። ሠፈር ውስጥ «በላይተር ጋዝ እሞላልሃለሁ» የሚል ብልጥ አይጠፋም። የላይተር ጋዝ ይቀጣጠላል፤ ምድጃ ባለበት ኩሽና ወይንዎ ውስጥ ሊነፉት ነው? የሶዳ መሥሪያዋን ትንሽ ብረት ጥይትም እንዳያስገጥሙ። እሷ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በክፍል ሙቀት ከ50 አትሞስፌር በላይ ነው የሚገፋው። እህትዎ ሌላ ጣሳ በሻንጣ እንልካለን ካሉ፣ ጋዝ ያለበት ዕቃ ስለሆነ ቲኬት የቆረጡበትን አየር መንገድ አስቀድመው ይጠይቁ። አለዚያ በእጅ ፓምፕ የሚሠራውን ዓይነት ይላኩልዎ። እሱም መርፌ አለው፣ የሚነፋው ግን ተራ አየር ነው፣ አያልቅም። ፓምፑ ሲከብድዎት ማቆም ግን እዚያም አለ።