«ያመነጫል» ወይስ «ይለቅቃል»?

ጥያቄ፦ በአንድ የሥነ ሕይወት ጽሑፍ «የነርቭ ሴል በሲናፕስ ላይ ኬሚካል ያመነጫል» የሚል አነበብሁ፤ በሌላው ግን «ይለቃል» ይላል። ሁለቱ ግሶች እዚህ ላይ አንድ ናቸውን?

መልስ፦ አንድ አይደሉም፤ ጠያቂው የነኩትም ሲከነክነኝ የኖረ ነገር ነው። «አመነጨ» ከማይሻገረው «መነጨ» በ«አ» የተገኘ ተሻጋሪ ግስ ሲሆን፣ ከ«ምንጭ» ጋር ሥር ስለሚጋራ ያልነበረን ነገር ማስገኘትን ያመለክታል፤ ሐሳብ ይመነጫል፣ የኤሌክትሪክ ኃይልም ይመነጫል። «ለቀቀ» ግን ተይዞ የቆየ ነገር መኖሩን አስቀድሞ ይናገራል። ግድብ ውሃ ይለቅቃል እንጂ ውሃ አያመነጭም፤ ጨርቅም በእጥበት የሚለቀው አስቀድሞ የተነከረበትን ቀለም ነው።

የነርቭ ሴሉም በሲናፕስ፣ ማለትም ምልክቱን ለሌላ ሴል በሚያሻግርበት ስፍራ፣ የሚሠራው ሥራ እንደ ግድቡ ነው። ኬሚካሉ አስቀድሞ ተሠርቶ፣ ስፋታቸው 40 ናኖሜትር (ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው) ያህል በሆነ ከረጢቶች ታጭቆ በነርቩ ጫፍ ላይ ይጠብቃል። የኤሌክትሪክ ምልክቱ ሲደርስ የካልሲየም በሮች ይከፈታሉ፤ ካልሲየም ሲገባ ከረጢቶቹ ከሴሉ ሽፋን ጋር ይዋሐዱና አፋቸው ወደ ውጭ ተከፍቶ የያዙትን ይለቅቃሉ። ይህ ሁሉ ካልሲየሙ ከገባ በኋላ ከአንድ ሚሊሰከንድ ባነሰ ጊዜ ስለሚያልቅ፣ በዚያች ቅጽበት «መነጨ» የሚባል ነገር የለም።

«እጢ ሆርሞን ያመነጫል እንደምንል ለነርቭም ያው ይበቃል፤ ‹ለቀቀ› ለታሰረ ሰውና ለእንስሳ ነው» የሚሉ አሉ። ሴሉ ኬሚካሉን ራሱ መሥራቱ እውነት ስለሆነ «ያመነጫል» ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ቦቱሊነም የተባለው የባክቴሪያ መርዝ ልዩነቱን ያጋልጣል። መርዙ የሚቆርጠው ከረጢቱን ከሽፋኑ ጋር የሚያዋሕዱትን ፕሮቲኖች ነው። ሴሉ ጡንቻን የሚያዝበትን ኬሚካል፣ አሴቲልኮሊንን፣ መሥራቱን አያቆምም፤ መልቀቅ ግን ስለሚሳነው ጡንቻው ይሽመደመዳል። «መርዙ ኬሚካሉ እንዳይመነጭ ያግዳል» ብሎ የጻፈ ሰው የቃላት ብቻ ሳይሆን የነገርም ስሕተት ሠርቷል።

ስለ «ሲናፕስ» አልተጠየቅሁም፤ ማለፍ ግን አልቻልሁም። እንግሊዛዊው የነርቭ ተመራማሪ ሼሪንግተን በ1897 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ቃሉን ያስገባው «አንድ ላይ መያያዝ» ከሚል የግሪክኛ ሥር ነው፤ ይሁንና ኬሚካሉ በሚሻገርበት ስፍራ ሁለቱ ሴሎች ሳይነካኩ 20 ናኖሜትር ያህል ክፍተት ይቀራቸዋል። ስለዚህ «መጋጠሚያ» የሚለው ትርጕም የግሪክኛውን ስሕተት ወደ አማርኛ ማምጣት ነው፤ እኔ «መሻገሪያ» ቢባል ደስ ይለኛል፤ ነገር ግን ሁሉም «ሲናፕስ» እያለ ስለሚግባባ አልሟገትም።

አጻጻፉን በተመለከተ፣ ሥሩ ሁለት «ቀ» ስላለው «ይለቅቃል» እላለሁ። «ይበርራል» ብለን ካልጻፍን ወፉንና መብራቱን «ይበራል» በሚል አንድ መልክ እንቀላቅላለን። በ«ይለቃል» እንዲህ ያለ መምታታት እንደሌለ፣ ከአሥር ጸሐፊ ዘጠኙም እንዲያ እንደሚጽፍ አውቃለሁ፤ እኔም ከላይ ስለ ጨርቁ ስጽፍ «የሚለቀው» ብዬ አንዱን «ቀ» ውጬዋለሁ።