ኮተም ጨርሳችሁ ሥራ ለምትፈልጉ ልጆች

ልጆች እንዴት ናችሁ። የምትደውሉልኝ ሁሉ የምትጠይቁኝ ነገር አንድ ዓይነት ስለሆነ አንዴ በጽሑፍ ልገላገለው ብዬ ነው። «ኮተም (ኮንስትራክሽን ቴክኖሎጂና ማኔጅመንት) ጨርሻለሁ፣ ኤግዚት ኤግዛሙንም አልፌያለሁ፣ ኳንቲቲ ሰርቬየር (የግንባታ ሥራ መጠንና ዋጋ የሚያወጣ ባለሙያ) መሆን እፈልጋለሁ፣ ገበያው እንዴት ነው?» ነው ጥያቄው። ሲቪል የጨረሳችሁም ያው ናችሁ።

ገበያው ከታች ጢም ብሎ ሞልቷል፣ መሃሉ ግን ባዶ ነው። 70/30 (ከመቶው ተማሪ 70ው ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30ው ማኅበራዊ ሳይንስ ይማር) ተብሎ ዩኒቨርሲቲው ሁሉ ኢንጂነሪንግ ሲያስመርቅ ከረመ፣ በኛ ጊዜ ልደታ ሕንጻ ኮሌጅ የጨረሰን ሰው ሥራው ራሱ ይፈልገው ነበር እንጂ እሱ ሥራ አይፈልግም ነበር፣ አሁን ለአንድ ጁኒየር ቦታ ሲቪው ጠረጴዛ ሞልቶ ይፈሳል። እዛው ድርጅት ውስጥ ደግሞ ሥራ አስኪያጁ «ጨረታ ዋጋ የሚሞላልኝ ሰው አጣሁ» እያለ ያማርራል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። የጎደለው የሚለካ ሰው አይደለም፣ ዋጋ የሚያወጣ ሰው ነው።

ቴክኦፍ ሺት (የልኬት ሠንጠረዥ) መሙላት፣ ድሮዊንግ ላይ ርዝመት ወርድ ቁመት እየለቀሙ ኤክሴል ውስጥ ማስገባት ሁላችሁም ትችላላችሁ፣ እሱን ደግሞ ሪቪት የሚባለው የዲዛይን ሶፍትዌር፣ ሞዴሉ በደንብ ከተሰራ፣ በደቂቃ ያወጣዋል። ሪቪት የማያውቀው ያ ቁጥር በብር ስንት እንደሆነና ለምን እንደሆነ ነው። እዚህ ጋ ነው እንጀራው ያለው።

አንድ ነገር ላሳያችሁ። ፌሮ የሚመጣው በ12 ሜትር ነው። የኮለመን ፌሯችሁ 4.20 ሜትር ቢሆን ከአንዱ ሁለት ብቻ ነው የሚወጣችሁ፣ 8.40 ሄዶ 3.60 ሜትር ይተርፋል ማለት ነው፣ ማለትም የብረቱ 30 ፐርሰንት። ፎርማኑና ፌራዮው (ብረት ሠራተኛው) ጎበዝ ከሆኑ ቁራጩ ለሊንቴል (ከበርና መስኮት በላይ ላለው ቢም) ለምናምን ይውላል፣ ካልሆነ ሳይቱ ጥግ ዝጎ ይቀራል ወይ ማታ በአጥር ይወጣል። ፔይመንት ላይ ግን የሚለካላችሁ ኔት (ሥራው ላይ የገባው ብቻ) ነው፣ ዲያሜትሩን በሚሊ ስኩዌር አድርጋችሁ ለ162 አካፍላችሁ፣ የ12 ሚሊ ፌሮ በሜትር 0.888 ኪሎ፣ በቃ እሱ ብቻ። ቁራጩን፣ ማሰሪያ ሽቦውን፣ የፌራዮውን እጅ ሁሉ ዩኒት ሬቱ (የአንዱ መለኪያ ዋጋ) ውስጥ ካልከተታችሁት የሚከፍለው ኮንትራክተሩ ነው። ልጁ ግን ምን ያደርጋል፣ ከድሮ ፋይል «ዌስት (ብክነት) 5 ፐርሰንት» የሚለውን ኮፒ ያደርግና ያልፋል። የባር ሼጁሉን (የብረቱን ዝርዝር ሠንጠረዥ) ከፍቶ 12 ሜትሩ እንዴት እንደሚቆረጥ ያየውን ልጅ ነው እኔ የምቀጥረው።

ሳይት ውጡ የምላችሁም ለዚህ ነው። አንድ ግንበኛ ከነረዳቱ በቀን የሚገነባው የብሎኬት ካሬ መሬት ላይና አራተኛ ፎቅ ላይ አንድ አይደለም፣ ክረምትና በጋም አንድ አይደለም። በካሬ 12 ተኩል ብሎኬት መግባቱን ሁሉም ያውቃል፣ ከመኪና ሲራገፍ ስንቱ እንደሚሰበር ግን ቆሞ ያየ ነው የሚያውቀው። ገበያም እንደዚሁ፣ ስልክ ደውሎ ፕሮፎርማ ሰብስቦ ዋጋ አወቅኩ ማለት የለም፣ መርካቶና ተክለሃይማኖት በእግራችሁ ዙሩ፣ በደረሰኝ ስንት ያለደረሰኝ ስንት እንደሚባል፣ ዋጋው ስንት ቀን እንደሚቆይ፣ ትራንስፖርቱ በማን እንደሆነ ጠይቁ። ሲሚንቶ የጠፋበትን ጊዜ ታስታውሳላችሁ መቼም፣ የፋብሪካ ዋጋ አንድ ነው፣ ሳይት ላይ የሚደርሰው ደግሞ ሌላ። ሐምሌ 2016 ብሩ ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ 100 አለፈ፣ ሊፍት፣ ኬብል፣ አሉሚኒየም በድሮው ዋጋ ተዋውሎ የነበረ ኮንትራክተር ምን እንደሆነ መገመት አያቅታችሁም። ያኔ ነው ብዙ ባለቤቶች «ኮንትራቱ የዋጋ ማስተካከያ አለው ወይ? ቤዝ ፕራይሱ (የመነሻ ዋጋ ዝርዝሩ) ተያይዟል ወይ?» ብሎ ቀድሞ የጠየቀ ኢስቲሜተር (ዋጋ አውጪ) ምን ያህል ዋጋ እንዳለው የገባቸው።

ስለ ሪቤት (ጨረታ ላይ ከጠቅላላ ዋጋው ስለሚቀነስ ቅናሽ) ሳልናገር አላልፍም፣ እስካሁን ያናድደኛል። ሁለት ሳምንት አምሽታችሁ አይተም በአይተም ብሬክዳውን (የዋጋ ትንተና) ትሰራላችሁ፣ ጨረታው ሊዘጋ ሲል ባለቤቱ ይመጣና «12 ፐርሰንት ቀንሱ» ይላል፣ ከየት እንደሆነ አይጠየቅም፣ እንዲሁ ደብዳቤ ይጻፋል። ሥራውን ካገኙት በኋላ ኪሳራው ሲመጣ ግን ጣት የሚቀሰረው ዋጋ ሞላ የተባለው ልጅ ላይ ነው። ስለዚህ ከመቀነሱ በፊት የነበረውን ሺት ቀን ጽፋችሁበት አስቀምጡ፣ ዳይሬክት ኮስቱ (የዕቃው፣ የሰውና የማሽን ወጪው) ይሄ፣ ኦቨርሄዱ (የቢሮና የአስተዳደር ወጪው) ይሄ፣ ትርፉ ይሄ፣ ከዚህ በታች ከወረድን ከኪሳችን ነው ብላችሁ በኢሜይል ላኩለት። በቃል አትናገሩ፣ በቃል የተባለ ነገር ክስ ሲመጣ ማንም አያስታውሰውም። እግረ መንገዴን፣ ቢኦኪው (የሥራ ዝርዝርና ዋጋ ሰነዱ) ላይ ድምሩና ዩኒት ሬቱ ካልተስማሙ አብዛኛውን ጊዜ የሚጸናው ዩኒት ሬቱ ነው፣ አንዲት ዜሮ ስትጎድል ሙሉ ሥራ በነጻ ልትሰሩ ትችላላችሁና ከማስገባታችሁ በፊት ሌላ ሰው ያንብበው።

የት ይቀጠራል ላላችሁኝ፣ ኮንትራክተር ጋ ብቻ አትሂዱ። ኮንሰልታንቶች፣ ሪል ስቴቶች፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አሉ፣ ባንኮችም ለብድር መያዣ የሚሆን ሕንጻ የሚገምቱ ኢንጂነሮች ይቀጥራሉ። የባንኩ ደመወዝ ቀኑን ጠብቆ ይገባል፣ ቅዳሜ ከሰዓት ቤታችሁ ናችሁ፣ እሱ እውነት ነው። ግን የቆመ ሕንጻ መገመትና ያልተሰራ ሥራ ዋጋ ማውጣት ለየቅል ናቸው፣ ገና እንደተመረቃችሁ ባንክ ገብታችሁ አምስት ዓመት ከቆያችሁ ወደ ጨረታ ሥራ መመለስ ይከብዳችኋል። እኔ ብሆን መጀመሪያ ኮንትራክተር ጋ እለፋና በኋላ ባንኩን አስበው ነበር። ምርጫው የናንተ ነው፣ ቤት ኪራይ የሚከፍል ሰው ላይ እኔ አልፈርድም።

ሴቶቹ ደግሞ ለብቻ የምላችሁ አለኝ። «ሴት ናት ቢሮ ትሁን» ብለው ኮስት ሥራ ላይ ያስቀምጡናል፣ ለዚህም ይመስለኛል የቢሮ ኢስቲሜተር ከሳይቱ ይልቅ ሴት በዛ የሚልበት። ሥራው ጥሩ ነው፣ አልጠላውም፣ ግን ሳይት ሳታዩ ቢሮ ከቀራችሁ ስብሰባ ላይ ፎርማኑ «እሱ እዛ ላይ አይሰራም» ሲላችሁ መልስ ታጣላችሁ። በሳምንት አንድ ቀንም ቢሆን ሳይት ይመደብልኝ በሉ፣ ስትቀጠሩ ነው የሚባለው፣ በኋላ አይሆንም።

ውጭ ስለምታስቡት። ገልፍ ላይ አሰራሩ የእንግሊዞቹ ነው፣ ኳንቲቲ ሰርቬየር ራሱን የቻለ ሙያ ነው፣ የአለካክ ደንቡ ፖሚ ይባላል፣ ሪክስ (RICS) የሚባለው የእንግሊዞቹ የሙያ ማኅበር አባልነት ያለው ሰው በር ይከፈትለታል፣ ሂደቱ ረጅምና ውድ ስለሆነ እዚሁ እያላችሁ ብትጀምሩት ይሻላል። አሜሪካ የምትሄዱ ደግሞ እዛ ስሙ ኢስቲሜተር ነው፣ ከ2 መቶ ሺህ በላይ ሰው ይሰራበታል፣ መካከለኛው ክፍያ በዓመት ከ70 ሺህ ዶላር በላይ ነው፣ የመንግሥት የሥራ ትንበያቸው ግን ቁጥሩ በሶፍትዌር ምክንያት ትንሽ እንደሚቀንስ ነው የሚለው። ይህ አያስደንግጣችሁ፣ ጡረታ የሚወጡትን የሚተካ በየዓመቱ በሺዎች ይፈለጋል። እዛ ዲዛይን ኢንጂነሩ ለመፈረም ላይሰንስ ይጠየቃል፣ ኢስቲሜተሩ ግን አይጠየቅም፣ አናጺም ሆኖ ቆይቶ ኢስቲሜተር የሆነ ብዙ ሰው አለ። ስለዚህ ዲግሪዬ አልታወቀልኝም ብላችሁ መጋዘን ውስጥ አትቅሩ፣ ትንሽ ሰብ ኮንትራክተር (ከዋናው ኮንትራክተር ከፊል ሥራ የሚወስድ) ጋ፣ የድራይዎል (የጂፕሰም ግድግዳ) ይሁን የኮንክሪት፣ በረዳትነት ግቡ። ፊትና ኢንች ግን ከመሄዳችሁ በፊት ተለማመዱ፣ ሜትር የለመደ ጭንቅላት መጀመሪያ ላይ ይሰቃያል።

ኢንተርቪው ስትሄዱ ሲቪ ብቻ አትያዙ። አንድ ትንሽ ሥራ፣ የሰፈር ጂ ፕላስ አንድ ቤትም ቢሆን፣ ከቴክኦፉ እስከ ዩኒት ሬት ብሬክዳውኑ ራሳችሁ ሠርታችሁ አትማችሁ ያዙ፣ የሲ-25 (ይህ የጥንካሬ ደረጃው ነው) ኮንክሪቱን ዋጋ በሜትር ኪዩብ 360 ኪሎ ሲሚንቶ ብላችሁ ከጀመራችሁበት ጀምሮ አሸዋውን፣ ጠጠሩን፣ ሚክሰሩን፣ ቫይብሬተሩን፣ የቀን ሠራተኛውን በየመስመሩ ከየት እንዳመጣችሁት የምትናገሩበት ይሁን። ቻትጂፒቲ ያወጣላችሁን ዋጋ ይዛችሁ እንዳትመጡ ደግሞ፣ ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ይታወቅባችኋል፣ «አሸዋውን የየት አካባቢ አድርገህ ነው? ሳይት ድረስ ነው?» ነው የምንለው እኛ።