የፊት አክስል በቤት ውስጥ ስለማውጣት፦ ጥያቄና መልስ ከድሬዳዋ መካኒክ ጋር

የምናገረው በፊት ጎማ ስለሚነዱ ትንንሽ ቶዮታዎች ነው፤ ኮሮላ፣ ቪትዝ፣ ያሪስ። አክስል ስል ከካምቢዮው ኃይል ተቀብሎ የፊት ጎማውን የሚያዞረውን ዘንግ ማለቴ ነው። በክሪክ ብቻ በቆመ መኪና ስር የሚገባ ሰው ምንም አይጠይቀኝ። መጀመሪያ የብረት መደገፊያ ይግዛ።

ከሳቢያን፦ ጋሼ፣ ኮሮላዬ የደንገጎን ዳገት ስወጣ መታጠፊያው ላይ ቀጭ ቀጭ ይላል። ቀጥ ባለ መንገድ ዝም ነው። አክስሉን ላውጣው?

መልስ፦ እንዲህ ነው መጠየቅ። ስትታጠፍ ብቻ የሚጮኸው በጎማው በኩል ያለው የውጭኛው ሲቪ ጆይንት ነው፤ አክስሉ እየታጠፈም እንዲዞር የሚያደርገው ባለ ኳስ መጋጠሚያ። መሪው ቀጥ ብሎ ነዳጅ ስትሰጠው መኪናው ቢንቀጠቀጥ ኖሮ በካምቢዮ በኩል ያለውን እጠረጥር ነበር። ከማውጣትህ በፊት መሪውን እስከ መጨረሻው አዙርና የጆይንቱን የላስቲክ ሽፋን እጥፋቶች አንድ በአንድ እየከፈትህ ዳስስ። የቸርኬው ውስጠኛ ገጽ ላይ ጥቁር ግሪስ ተረጭቶ ካየህ ሽፋኑ ተቀድዷል። እኛ ዘንድ አክስል የሚገድለው የኪሎ ሜትር ብዛት ሳይሆን የደቻቱ ወንዝ አሸዋ ነው። በጥፍር በምታክል ቀዳዳ ይገባና ከግሪሱ ጋር ተለውሶ ኳሶቹን ይፈጫቸዋል። ሽፋኑ ተቀድዶ ድምፅ ገና ካልጀመረ ጆይንቱን አጥበህ፣ በደንብ አድርቀህ፣ ሞሊብደነም ያለበት ግሪስ ሞልተህ ሽፋኑን ብቻ ቀይር። አንዴ ቀጭ ማለት ከጀመረ ግን ግሪሱ ማባበያ ነው፤ አክስሉ ይውጣ።

ከገንደ ቆሬ፦ የእኔም መኪና ከፊት ይጮኻል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ ዶሮም ይጮኻል። መቼ? በየት በኩል? ስትታጠፍ ወይስ ስትፈጥን? ይህን ጽፈህ ተመለስ።

ከከዚራ፦ በጎማው መሃል ያለው ትልቁ ዳዶ አልፈታ አለኝ። መኪናውን በክሪክ አንስቼ ስታገል ጎማው አብሮ ይዞራል።

መልስ፦ አውርደው! ያ ዳዶ የሚላላው ጎማው መሬት ረግጦ፣ የእጅ ፍሬን ተይዞ፣ ማርሽ ገብቶ ነው። ከዚያ በፊት መቆለፊያውን ተመልከት። በአንዳንዱ የሽቦ መቆለፊያ አለ፤ በሌላው የዳዶው ከንፈር ወደ አክስሉ ቦይ ተጎንብሷል፤ እሱን በመሮ ሳታቃና ከታገልህ ጥርሱን ትልጠዋለህ። በአብዛኞቹ የ30 ቁጥር ቡሶላ (ዳዶው ላይ የሚጠልቀው የመፍቻ ራስ) ይገባል፤ እጀታው ላይ ረጅም ቱቦ ጨምርበት። ስትመልሰው አዲስ ዳዶ፣ በቶርክ መፍቻ (የምታጠብቅበትን ኃይል በሚለካው)፣ በአብዛኞቹ 216 ኒውተን ሜትር። «ጉልበቴ እስኪያልቅ አጥብቄዋለሁ» የሚል መልስ አልቀበልም።

ከመልካ ጀብዱ፦ ዳዶው ወጣልኝ፣ አክስሉ ግን ንቅንቅ አላለም። ጫፉን በመዶሻ ልምታው?

ከሐረር፦ ምታው እንጂ! እኛ ስንት ዓመት በመዶሻ አውጥተናል።

ከሳቢያን፦ ለዚህ ነዋ ከሐረር የሚመጣ አክስል ሁሉ ጫፉ እንጉዳይ የሚመስለው።

ከሐረር፦ አንተ ሳትወለድ እኛ ፔጆ 404 እንፈታ ነበር። የፊት አክስሉን ሳይቀር!

መልስ፦ የቱን የፊት አክስል? 404 የሚነዳው በኋላ ጎማ ነው! ከካምቢዮው የሚነሳው ዘንግ በቱቦ ውስጥ ተሸፍኖ እስከ ኋላ ዲፈረንሻሉ ይሄዳል፤ እዚያም እንደ ቡሎን ጥርስ የተጠማዘዘ ዘንግ ክብ ጥርሳም ማርሽ ያሽከረክራል። ድምፅ የለውም፣ ዳገት አይፈራም። በ1963፣ ከዚያም ከ1966 እስከ 1968 በተከታታይ የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ ውድድር ያሸነፈው ይኸው መኪና ነው። ሐረር ላይ ያን ያህል ዘመን ታክሲ ሆኖ መኖሩ አይገርመኝም። የፊት አክስል ግን የለውም፤ አልነበረውም።

ወደ መልካ ጀብዱ ልመለስ። ዳዶውን ከአክስሉ ጫፍ እኩል እስኪሆን መልሰህ አስገባ፤ ጥርሱን ይጠብቅልሃል። እንጨት ወይም ነሐስ ደግፈህ መታ መታ አድርገው። ብረት በብረት አይመታም።

ከገንደ ቆሬ፦ የታችኛውን ቦል ጆይንት (የጎማውን መያዣ ከታች የሚያያይዘውን) ፈትቼ የጎማውን መያዣ ወደ ውጭ ሳብኩት። አሁን አክስሉን ይዤ ብጎትተው ከካምቢዮው አይወጣም?

መልስ፦ የምትጎትተው ይወጣል፤ የሚወጣው ግን የውስጠኛው ጆይንት ሆድ ዕቃ ነው። አክስሉ በካምቢዮው ውስጥ የተያዘው በቀጭን የሽቦ ቀለበት ነው። መፈንቀያ ብረት በካምቢዮውና በጆይንቱ ቆብ መካከል አስገብተህ አጠር ባለ ምት ፈንቅል፤ ጠቅ ብሎ ይለቃል። ከዚያ በሁለት እጅ ይዘህ ቀጥ አድርገህ አውጣ፤ ካዘነበልኸው ዘይቱን የሚያግደውን ላስቲክ፣ ኦይል ሲሉን፣ ይቆርጠዋል። ስትመልስ አዲስ ቀለበት፣ የቀለበቱ ክፍት ጎን ወደ ታች። የካምቢዮውን ዘይት ቀድመህ አፍስሰኸዋል አይደል?

ከገንደ ቆሬ፦ ዘይት ማፍሰስ ያስፈልጋል እንዴ?

መልስ፦ ፊትህን ካልታጠብህበት አዎ።

ከመልካ ጀብዱ፦ ጋሼ፣ ለአጭር ጊዜ ሥራ ክሪኩ ብቻ ይበቃል?

መልስ፦ ከላይ ያለውን አንብብ። ክሪክ ማንሻ ነው፤ መደገፊያ አይደለም።

ከከዚራ፦ የእኔ ወጥቷል፤ አዲሱ እስኪመጣ ግን ሁለት ቀን ይፈጃል። ጎማውን መልሼ መኪናውን ገፍቼ ጥላ ውስጥ ላስገባው?

መልስ፦ አይሆንም። የጎማውን ኩሽኔታ አጣብቆ የያዘው አክስሉና ዳዶው ነበሩ፤ ያለ እነሱ ክብደት ሲያርፍበት ይበላሻል። ባለበት በመደገፊያው ላይ ይቆይ። የካምቢዮውን ቀዳዳ በንጹሕ ጨርቅ ወትፍ፤ ጥላ ካስፈለገህ ሸራ ወጥር።